ውሃው ሲታመም

በወሎ ቦረና ደጋ የእንስሳት ሐኪም ሲባል ሰው የሚታየው በሬ ነው፤ ሲጨመርበት በቅሎና በግ። በመስታወት ገንዳ ያለ ዓሣ ሲታመም ባለቤቱ ወደ ማን እንደሚሄድ አያውቅም። ዓሣው ታሞ እንደነበር የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ከተንሳፈፈ በኋላ ነው። ይህ ምልልስ የተጻፈው ያ ቀን ሳይደርስ ሊያውቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። ተናጋሪዎቹን፣ የመካነ ሰላሟን ባለ ሻይ ቤትና በከብት ሕክምና የሠለጠነውን ወጣት ሐኪም፣ የፈጠራቸው ጸሐፊው ነው። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን እውነተኛ ነው።

እትዬ፦ አቦሉን ጠጣና ና እይልኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ ዓሦች ናቸው። አምስት ነበሩ፣ አራት ቀሩ። አንዱ ጨው እንደተነሰነሰበት ነጭ ነጭ አውጥቷል። አንዱ ሆዱ ተነፍቷል። ሁለቱ ጧት ጧት አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ አየር ይጎርሳሉ። ምን መድኃኒት ልግዛ?

ሐኪሙ፦ መድኃኒቱን ትንሽ እናቆየው፣ እትዬ። ገንዳው ከቆመ ስንት ጊዜው ነው? ውሃውንስ መቼ ነው የቀየሩት?

እትዬ፦ ዓሣው ታመመ ስልህ ስለ ውሃው ትጠይቀኛለህ?

ሐኪሙ፦ በሬ የሚተነፍሰው አየር ሌላ፣ የሚጠጣው ውሃ ሌላ፣ የሚሸናበት ቦታ ሌላ ነው። ለዓሣ ሦስቱም አንድ ናቸው። በተለያየ ምልክት አራቱም በአንድ ሰሞን ከታመሙ፣ አራት በሽታ ከመፈለጋችን በፊት አንድ የተበላሸ ውሃ እንፈልግ። ውሃው ሳይድን ዓሣው አይድንም። መድኃኒት ከተበላሸ ውሃ ላይ ሲጨመር ብዙ ጊዜ ሌላ መርዝ ነው የሚሆነው።

እትዬ፦ እሺ። ገንዳው ከቆመ ሁለት ወር አይሞላም። ውሃውን በየሳምንቱ አርብ አርብ እደፋዋለሁ፤ ጠብታ አላስቀርም።

ሐኪሙ፦ እሱን እንመለስበታለን። የሚቸኩለው ትንፋሹ ነው፣ ከሱ እንጀምር። አየር የሚጎርሱት ጧት ብቻ ነው?

እትዬ፦ ጧት ይብሳል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀንማ አራቱም ላይ ተደርድረው አገኛቸዋለሁ።

ሐኪሙ፦ መብራቱ ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይቆማል። በቆላም ቢሆን ይጎዳል፣ እዚህ ግን ይብሳል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየሩ ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ እዚህ ሲሆን ከ6 ተኩል ብዙ አያልፍም። ሩብ ያህሉ ገና ከመነሻው የለም። ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ በዚህ መጠን ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ ይኖራል ቢል፣ እኛ መቀነስ አለብን። ይህን ለደጋ ሰው የሚነግረው የለም።

እትዬ፦ ብርዱስ? ብርድ አይደለም የሚገድላቸው?

ሐኪሙ፦ ብርዱ እንዲያውም ይረዳናል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። የእርስዎ ዓሦች ጎልድፊሽ ናቸው፤ ቻይናዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ጀምረው ያራቡት የቀዝቃዛ ውሃ ዘር ነው። ማሞቂያ የሚፈልጉት ጉፒና መሰሎቹ ቢሆኑ ኖሮ በኅዳር ሌሊት አንድም አይተርፍልዎትም ነበር። ጎልድፊሽን የሚጎዳው ብርዱ ራሱ አይደለም፣ ቀን በመስኮት ፀሐይ ሞቆ ሌሊት ድንገት መውረዱ ነው። ገንዳውን ከመስኮቱ ያርቁት።

እትዬ፦ እንግዲያ እንዲህ ጠንካራ ከሆነ ለምን አየር ይጎርሳል?

ሐኪሙ፦ ጠንካራነቱስ ያስገርማል። የሰሜን አገር ኩሬ በበረዶ ሲከደን ጎልድፊሽና ዘመዱ ክሩሽያን ካርፕ ከውሃው ኦክስጅን አልቆ እንኳ ብዙ ቀን በሕይወት ይቆያሉ። የኦስሎና የሊቨርፑል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 መንገዱን አብራርተው አሳይተዋል። ኦክስጅን ሲያልቅ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመውን አሲድ ጡንቻቸው ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ አልኮሉም በስንጥባቸው በኩል ወደ ውሃው ይወጣል።

እትዬ፦ አዑዙ ቢላህ! አልኮል?

ሐኪሙ፦ ነፍሱን ለማዳን ነው፣ እትዬ። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ውሃው ወደ በረዶነት ሲጠጋ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በሻይ ቤት ሙቀት አያድነውም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ከገንዳው በጆግ ይቅዱና ከክንድ ከፍታ መልሰው ያፍስሱበት፤ ጥቂት ደቂቃ፣ በየሰዓቱ ገደማ። ውሃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ክዳኑን ይክፈቱ። በዚያን ቀን ምግብ አይስጡ፤ የበላ ዓሣ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ፓምፑ የት ነው ያለው?

እትዬ፦ ከረከቦቱ ጀርባ።

ሐኪሙ፦ ፓምፑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ቡና ሲቆሉና ዕጣን ሲያጨሱ ያንን ጭስ እየሳበ ወደ ውሃው ይገፋዋል። ወደ ጓዳ ያዙሩት፣ ቱቦው ይርዘም። ሌላም ልጠይቅዎት፤ የበረሮ መርጫ እዚህ ክፍል ውስጥ ረጭተው ያውቃሉ?

እትዬ፦ ረጭቻለሁ። ከዒድ በፊት። ቆይ፣ ቆይ። አምስተኛው የሞተው በማግስቱ ነው።

ሐኪሙ፦ ሳልመረምረው በሱ ሞተ ብዬ አልፈርድም። ግን ብዙዎቹ መርጫዎች ፓይሬትሮይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው። ለሰው በመጠኑ የሚቻል ቢሆንም ለዓሣ በጣም ብርቱ መርዝ ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ ጥቂት ማይክሮግራም ይበቃዋል። ፓምፑ ደግሞ አየሩን እየሳበ ያቀርብለታል። እኛም ለመዥገር ከብት ላይ የምንረጨው ከዚሁ ወገን ነው። ስገባ እጄን አጥብቄ የታጠብኩት ለዚያ ነው። የሚረጩ ከሆነ ፓምፑን አጥፍተው፣ ገንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ከድነው፣ ክፍሉን በደንብ አናፍሰው ይመልሱት። ባይረጩ ደግሞ ይሻላል።

እትዬ፦ ለነፍሳት ያልኩት ለነፍስ ሆነ በለኛ። እሺ ውሃው። በየሳምንቱ እያጠብኩ እንዴት ነው የሚበላሸው? ጠጠሩን እንኳ በዱቄት ሳሙና ፈትጌ፣ በረኪና አስነክቼ ነው የምመልሰው።

ሐኪሙ፦ አይቆጡኝና፣ ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል።

እትዬ፦ ንጽሕናው?

ሐኪሙ፦ ንጽሕናው። ዓሣ በስንጥቡና በእዳሪው አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። በወንዝ ቢሆን ይወሰድ ነበር፤ በገንዳ ግን የትም አይሄድም። የሚያስወግዱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ እሱ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በጠጠሩ ላይና በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። እርስዎ በየአርቡ በበረኪና እየጨረሷቸው በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

እትዬ፦ ሁለት ወር ሙሉ ስጨርሳቸው ነበራ! ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም የለው።

ሐኪሙ፦ መርዙ አይታይም። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ሊኖር ይችላል። የሚያውቀው ዓሣው ነው። ስንጥቡ ከተለመደው በላይ ይቀላል ወይም ይቃጠላል፤ ናይትራይት ከሆነ ደሙ ኦክስጅን መሸከም አቅቶት ስንጥቡ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ክንፉን ከገላው ጋር ያጣብቃል። ከታች ተቀምጦ ይውላል፣ ወይም እንዳሉኝ ላይ ወጥቶ ይጎርሳል። እነዚህ ከየትኛውም ነጠብጣብ ቀድመው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግብ ሲሰጡ፣ ሁለት ደቂቃ ቆመው ይዩዋቸው። ማን ቀድሞ መጣ? ማን ዘገየ? ማን ከድንጋይ ጋር ገላውን ፈተገ? ከዚህ የሚበልጥ መመርመሪያ የለኝም።

እትዬ፦ ደንበኛውም አለ። ዳቦ ይፈረፍርላቸዋል፣ ልጆች እንጀራ ይጥሉላቸዋል። ደስ ይለኝ ነበር።

ሐኪሙ፦ ሁሉም አሞኒያ ይሆናል። ዓሣው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ብቻ ይስጡ፣ በቀን አንዴ። ውሃውን በሳምንት ሩቡን ብቻ ይቀይሩ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ካለበት በሰፊ ዕቃ ክፍት አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ከገንዳው ጋር እኩል ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ ያፍስሱት። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ከገንዳው በቀዱት አሮጌ ውሃ እጥብ እጥብ አድርገው ይመልሱት። ሳሙና ግን ፈጽሞ አይንካው።

እትዬ፦ ሳሙናማ ከጠጠሩ ላይ አለቅልቄው ነው እኮ።

ሐኪሙ፦ የሳሙናን ነገር የአገራችን ሰው ሳይማር ያውቀው ነበር። በእንዶድ ልብስ የሚያጠቡበት ወንዝ ምን እንደሚሆን አይተዋል? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያየው እሱን ነው። ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኘ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ስለሆነ ነገሩ ለሰው መድኃኒት ፍለጋ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘበት። አረፋ የሚሠራው የእንዶድ ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውን ብቻ አይደለም የሚነካው፤ የዓሣንም ስንጥብ ያበላሻል። ብርብራንም ያውቁታል።

እትዬ፦ ብርብራንማ! ፍሬውን ወቅጠው ወንዙ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል ይባላል። በረሃ ወርደው የሚያጠምዱ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ሐኪሙ፦ እሱ የዓሣው ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ነው የሚያደርገው። እነዚያ ሰዎች ዓሣን ለመግደል ውሃውን መንካት እንደሚበቃ አውቀዋል። እኛ ደግሞ ለማዳን ከዚያው እንጀምራለን።

እትዬ፦ ነጭ ነጩስ? እሱም ከውሃው ነው?

ሐኪሙ፦ እሱ ጥገኛ ነው። በደከመ ዓሣ ላይ ቢበረታም ራሱን የቻለ በሽታ ነው። እያንዳንዷ ነጭ ነጥብ ከቆዳው ሥር የተቀበረች አንድ ሕዋስ ናት። ጠግባ ስታድግ ከዓሣው ትወርዳለች፣ ከታች ጠጠር ላይ ትለጠፋለች፣ እዚያ ተከፋፍላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትፈለፍላለች። እነዚያ ዋኝተው በአንድ ሁለት ቀን ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚያገኛቸው በዚያች በሚዋኙባት ጊዜ ብቻ ነው። ከቆዳ ሥር ያለችውን አይነካትም፣ ከታች የተለጠፈችውንም አይነካትም። ሰው ሁለት ቀን አክሞ ነጥቡ ጠፋ ብሎ ሲያቆም፣ በሳምንቱ እጥፍ ሆኖ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

እትዬ፦ ስንት ቀን ነው ታዲያ የማክመው?

ሐኪሙ፦ እዚህ ላይ ደግሞ ደጋው ይፈትነናል። ዑደቷ በውሃው ሙቀት ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ትጨርሳለች፤ በ10 ዲግሪ አካባቢ ከወር በላይ ትቆያለች። ከሞቃት አገር የመጣ መመሪያ አሥር ቀን ቢልዎት አይመኑት። ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የመጨረሻዋ ነጥብ ከጠፋች በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉ።

እትዬ፦ ውሃውን ብናሞቀውስ፣ ቶሎ እንድትጨርስ?

ሐኪሙ፦ በቆላ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ እስከ 30 ዲግሪ ያደርሱታል። እዚህ ከፍታ ላይ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከ5 ተኩል ሚሊግራም ብዙ አይበልጥም፤ ነጥቡ ደግሞ ስንጥቡም ላይ አለ። መብራት አንድ ሰዓት ቢጠፋ አራቱም ያልቃሉ። እኔ አልመክርዎትም። ጨው ይበቃናል።

እትዬ፦ የምን ጨው? የወጥ?

ሐኪሙ፦ የወጥ ጨው፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት። ገንዳዎ ስንት ጀሪካን ይይዛል?

እትዬ፦ አራት፣ የሃያ ሊትሩን።

ሐኪሙ፦ 80 ሊትር። በሊትር 1 ግራም ብንል 80 ግራም ነው። በሌላ ዕቃ አሟሙተው ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ ዱቄቱን በዓሣው ላይ አይበትኑት፣ ያቃጥለዋል። በማግስቱ ሌላ 80፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ 80። በሊትር 3 ግራም ላይ ይቁሙ። ጨው ውሃው ሲቀየር እንጂ በትነት አይቀንስም፤ ሩቡን ሲቀይሩ የሩቡን ጨው ብቻ ይመልሱ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ናይትራይት በስንጥብ እንዳይገባ ይከላከላል። ቅርፊት የሌለው እንደ አምባዛ ያለ ዓሣ ቢሆን መጠኑን እቀንስ ነበር። ጎልድፊሽ ይችለዋል።

እትዬ፦ ጎረቤቴ ቴትራሳይክሊን ከካፕሱሉ አፍስሺበት ብላኝ ነበር። ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ።

ሐኪሙ፦ እባክዎ አያፍስሱ። ነጭ ነጩ ባክቴሪያ ስላልሆነ አይነካውም። ገና ሊያቆጠቁጡ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ይጎዳል፤ አሞኒያው ይመለሳል። የሚተርፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ ያንን ውሃ ደግሞ ደጅ ነው የሚደፉት። በከብቱም በሰውም የምንጠቀምበት መድኃኒት ነው። ጭራው የሚበሰብስ፣ አፉ ላይ ጥጥ የሚመስል የሚያወጣ ዓሣ ቢኖር፣ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል በተለየ ዕቃ፣ በሐኪም መጠን እንወያይበት ነበር።

እትዬ፦ አንተስ ይህን የት ተማርከው? ዓሣ አክመህ ታውቃለህ?

ሐኪሙ፦ የሠለጠንኩት በከብት ነው፤ የዓሣው ትምህርት ጥቂት ነበር፣ ቀሪውን አንብቤ ነው። ከእኔ የሚሻሉ አሉ። ሰበታ ላይ ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ባሕር ዳርም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ደሴ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ቅርባችን ነው። ዓሣው በሕይወት እያለ በስልክ ቪዲዮ ቀርፆ መላክ ይቻላል። ሞቶ ያደረ ዓሣ ግን ምንም አይነግረንም፤ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል።

እትዬ፦ ነጭ ነጩ ከየት መጣ ግን? መጀመሪያ አልነበረባቸውም።

ሐኪሙ፦ ሁሉም አንድ ቀን ነው የመጡት?

እትዬ፦ አይ፤ ሁለቱን ልጄ ባለፈው ወር ሲመጣ ነው የጨመራቸው።

ሐኪሙ፦ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ? እንግዲያ እሱ ነው። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት እልቂት እንዴት እንደጀመረ ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በምጽዋ በኩል በገባ ከብት የደስታ በሽታ መጣ፣ የአገሩ ከብት አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሰው በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ለእኛ ለሐኪሞች የቀረልን ትምህርት እንግዳ እንስሳ ከነባሩ ጋር ወዲያው አይደባለቅም የሚል ነው። አዲስ ዓሣም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ብቻውን ይቆያል። የመጣበት ውሃም ወደ ገንዳዎ አይገባም።

እትዬ፦ የተነፋውን እይልኝ። እሱን ነው የምፈራው። ሴትዋ ነች መሰለኝ፣ እንቁላል ይዛ ይሆን?

ሐኪሙ፦ ሊሆን ይችል ነበር። ሆድ ሲነፋ መጀመሪያ የማየው ቅርፊቱን ነው። ቅርፊቱ ገላው ላይ ተኝቶ፣ ዓሣው እየበላ ከሆነ፣ እንቁላል ወይም የሆድ ድርቀት ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ቀን አስጹሞ የተቀቀለ የአተር ክክ ትንሽ መስጠት ይበቃል። ይምጡ፣ ከላይ ሆነው ይዩ። ቅርፊቱ ሁሉ ከገላው ተነስቶ ቆሟል። ዓይኑም ወደ ውጭ ወጥቷል። በላ?

እትዬ፦ ከማክሰኞ ወዲህ አልቀመሰም።

ሐኪሙ፦ ይሄ ውሃ ማቆር ነው። ኩላሊቱ ውሃውን ማስወጣት አቅቶት ሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሟል። ብዙ ጊዜ በደከመ ዓሣ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ነው። ቅርፊቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚድኑት በጣም ጥቂት ናቸው። ውሸት ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም።

እትዬ፦ ላ ኢላሀ ኢለላህ። ወደ ወንዝ ብወስደውስ? ምናልባት ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ።

ሐኪሙ፦ አይድንም፤ በሽታውን ግን ይዞ ይወርዳል። የዚህ አካባቢ ወራጅ ሁሉ ዓባይ ነው የሚገባው፣ ዓባይ ደግሞ አሁን ሕዳሴ ግድብ ላይ ይተኛል። በግድቡና በወንዙ የሚተዳደሩ አጥማጆች አሉ። ጤነኛ ቢሆን እንኳ አልለቀውም። ሐይቅ የሚባለውን ሐይቅ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ቀረሶ ተጨመረበት፣ ሰው አጥምዶ በላበት፣ ጥቅም አገኘበት። ያ ግን ተወስኖ የተደረገ ነው። አንድ ሰው ከባልዲ የሚለቀውን ማን ይከታተለዋል? የጌጥ ዓሣ ንግድ በሽታን ከአገር አገር እንዳዞረ ታውቋል። ሲሞትም ወደ ቦይ አይጣል፤ ውሻ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርገው ይቅበሩት።

እትዬ፦ ዓሣ አያመውም ይላሉ። እንደ በግ እንኳ አይታረድም።

ሐኪሙ፦ ብዙ ሰው ይላል። ስኮትላንድ ውስጥ ሊን ስነደን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ትራውት በተባለ ዓሣ ላይ አየችው። በከንፈሩ ላይ የንብ መርዝ ወይም አሲድ ሲወጉት ዓሣው መብላት አቆመ፣ ትንፋሹ ፈጠነ፣ ከንፈሩን ከጠጠሩ ጋር ይፈትግ ጀመር። ሞርፊን ሲሰጡት ቀነሰ። ውስጡ ምን እንደሚሰማው ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ግን ያንን ያየ ሐኪም አያመውም ብሎ መተው የለበትም እላለሁ።

እትዬ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ነፍስ የሰጠ አላህ ነው፣ እኔ እንዴት እወስዳለሁ?

ሐኪሙ፦ በሬ እግሩ ሲሰበር ምን ይደረጋል?

እትዬ፦ ይታረዳላ። ያ ለሥጋው ነው።

ሐኪሙ፦ የዚህ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ የሚቀረው ስቃዩ ብቻ ነው። አላስገድድዎትም። በሌላ ባልዲ፣ በጨው ውሃ፣ አየር እየነፋንለት ሁለት ቀን ልንሞክር እንችላለን። ካልሆነ መንገድ አለ። የቅርንፉድ ዘይት ዓሣን ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ለሰው የሚጠቀሙበት ነው። ዓሣውን በትንሽ ሳህን፣ በራሱ ገንዳ ውሃ ያስቀምጡት። በሊትር ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት፣ ማለትም አሥር ጠብታ ገደማ፣ በጠርሙስ ውስጥ ለብ ካለ ውሃ ጋር አጥብቀው ነቅንቀው ይጨምሩበት። ይተኛል። ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ቶሎ ቢያወጡት ሊነቃ ይችላል። መጸዳጃ ቤት መድፋት፣ ደረቅ መሬት ላይ መተው፣ ከነነፍሱ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን ማሰቃየት ነው።

እትዬ፦ ሁለት ቀን እንሞክር ስትል፣ ለሱ ብለህ ነው ለኔ?

ሐኪሙ፦ እውነቱን ልንገርዎት፤ ለእርስዎ ነው።

እትዬ፦ ለኔ ከሆነ ይቅር። ዛሬ ማታ ሻይ ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ይሁን። ዘይቱ ካለህ አምጣልኝ፣ መጠኑን አንተ ለካ።

ሐኪሙ፦ አመጣለሁ። ጣትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?

እትዬ፦ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ምነው?

ሐኪሙ፦ እስኪድን ገንዳው ውስጥ እጅዎን አይክተቱ፤ ሌላ ሰው ይንካው፣ ወይም ረጅም ጓንት ያድርጉ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል የዓሣ ቲቢ አለ። መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1926 ፊላደልፊያ ባለ የዓሣ ማሳያ ቤት በሞቱ ዓሦች ውስጥ ነው። የሰው ሳንባ ላይ እንደሚወጣው አይደለም፣ በሳልም አይተላለፍም። በቁስል በኩል ይገባና ከሳምንታት በኋላ እጅ ላይ ቶሎ የማይድን እብጠት ያወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ቢያዩ ለሐኪሙ ዓሣ አለኝ ብለው ይንገሩት፤ ካልነገሩት አይጠረጥረውም። ውሃ ሲቀዱም ቱቦውን በአፍዎ አይሳቡ።

እትዬ፦ በአፌ ነበር የምስበው። እሺ። ልጄ ግን በስልክ ሌላ አምስት እጨምርልሻለሁ እያለ ነው። ሦስት ብቻውን ምን ያደርጋል ይለኛል።

ሐኪሙ፦ ሦስትም ይበዛበታል፣ እትዬ። እነዚህ ገና ጫጩት ናቸው። በደንብ ከተያዘ ጎልድፊሽ ከስንዝር ይበልጣል፤ እንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ አንድ ጎልድፊሽ 43 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የሞተው። በዚህ ከፍታ፣ በአራት ጀሪካን ውሃ፣ መብራት እየጠፋ፣ አምስት ሲጨመር የሚሆነው ያየነው ነው።

እትዬ፦ አርባ ሦስት? የልጄ ዕድሜ አይሞላም! እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ። ዓሣውን ተወው፣ ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕና ቴርሞሜትር ላክልኝ እለዋለሁ።

ሐኪሙ፦ የአሞኒያ መመርመሪያም ይጨምር። ሲመጣ አብረን እንለካለን፤ እስከዚያ ጨዉን ዛሬ በ80 ግራም እንጀምር። ሚዛን አለዎት?

እትዬ፦ የቡናው ሚዛን አለ። ቶናው እስኪፈላ ልመዝንልህ።